ቅዳሜ ማታ እሳት የምንጭርበት ደጃፍ

ዜና መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ልጆችን ጸሎት አስተምር ነበር። ይህን ስናገር የጋዜጣ ባልደረቦቼ ቀልድ ይመስላቸዋል። በጡረታ ስሸኝ አንድ ወጣት ሪፖርተር ተነስቶ፣ ወሬ ይዞልኝ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «ከማን ሰማህ?» ብዬ የማፋጥጠው የት ተምሬው እንደሆነ ጠየቀኝ። ኬኩ ሊቆረስ ስለነበር አጭር መልስ ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ረጅሙ መልስ ይህ ነው።

ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የቄስ በሪሁን ነው። ቄስ በሪሁን ጋዜጣ አንብበው አያውቁም። ከከሚሴ ዝቅ ብሎ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ በጨፋ ሜዳ ጠርዝ ላይ ሸማ እየሠሩ የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ።

ጨፋ ላይ ቤተ እስራኤል ነበሩ ስል የሚጠራጠር ሰው አይጠፋም። መጠራጠሩ ደግ ነው፤ እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ። ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። አያቶቻቸው ከጎንደር በላስታ አድርገው፣ በየደረሱበት እየሠሩና እያደሩ እንደወረዱ ይናገራሉ። የጨፋ ገበሬ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ማረሻ ይፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ መሬት የላቸውም። ስለዚህ በአንድ ባለርስት እርሻ ጥግ ላይ ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። አገሩ እስላም ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለ ይናገራል። የእኛዎቹም እንደዚያው ነበሩ። አንዲት እናት ልጇን በኦሮምኛ ጠርታ፣ በአማርኛ ተቆጥታ፣ በግዕዝ ስትመርቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ፈላሻ ይለናል፤ ሲከፋው ደግሞ ቡዳ። እኛ ራሳችንን የምንጠራው ቤተ እስራኤል ብለን ነው።

እኔ የተወለድኩት ጎንደር አጠገብ ነው። በልጅነቴ ከተመረጡ ጥቂት ተማሪዎች ጋር አስመራ ሄጄ፣ ከውጭ በመጡ መምህራን እጅ ዕብራይስጥና የሌሎች አገር አይሁድ ጸሎትና ታሪክ ተማርኩ። ስመለስ መጀመሪያ የተመደብኩት በትውልድ አገሬ አካባቢ ነበር። የዚያ ትምህርት ቤት ኃላፊ እሱ ደወል ካልደወለ ፀሐይ የማትወጣ የሚመስለው ሰው ነበር። ሰዓት ማክበርን ከእሱ ተማርኩ፤ ሌላ ግን ብዙም አልተማርኩም። ደመወዛችን በፖስታ ይመጣል፣ ሲመጣ። ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጨፋ ለሚገኙት ልጆች መምህር ሲፈለግ፣ ወባ አለ ተብሎ ሁሉም ፊቱን አዞረ። እኔ ያላገባሁ ነበርኩ፤ ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ የማሽላ አገዳ ግድግዳና የሣር ክዳን ነበረው። በአንድ በኩል የባለእጁ የአያ ተካ ወናፍ ይነፋል፤ በሌላ በኩል ቄስ በሪሁን እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው ሸማ ይሸምናሉ። ከመሃል እኔና ጥቁር ሰሌዳዬ አለን።

አስመራ ላይ ከባዱ ነገር ጽሕፈቱ ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱ ነው ብለውን ነበር። ጨፋ ላይ ከባድ አልሆነም። የጎረቤት ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርአን ሲጽፉ የእኛዎቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲያዩ ነው ያደጉት፤ እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል። ከባዱ ወረቀት ማግኘቱ ነበር። ሴቶቹ ልጆች ከእናቶቻቸው ጭቃ ቆንጥረው ያመጡና ጠፍጥፈው ፊደሉን በእንጨት ይጭሩበታል። ሲሳሳቱ በውሃ አለስልሰው እንደገና ይጽፋሉ። ያማረውን ከሸክላው ጋር እንተኩሰዋለን። ዓመቱ ሲያልቅ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር የተደረደሩ የተተኮሱ ፊደላት ነበሩን፤ ዝናብ አያበላሻቸውም፣ አይጥ አይበላቸውም።

ጸሎት ሳስተምር በዜማ አልጀምርም። የግዕዙን ዜማ በእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው ሰምተውታል፤ የማያውቁት ትርጉሙን ነው። መጀመሪያ አንዱን ሐረግ በአማርኛ አስነግራቸዋለሁ። ቀጥዬ ይህን የሚለው ሰው ምን ሆኖ ይመስላችኋል፣ ፈርቶ ነው ወይስ ደስ ብሎት፣ እላለሁ። ይህን ከመለሱ በኋላ ነው ድምፅ የምናወጣው። ፈርቶ የሚጸልይን ሰው ጸሎት በደስታ ድምፅ ያነበበ ልጅ፣ ፊደሉን ባይስትም ተሳስቷል።

ታሪክ ግን ራሱን ያስተምር ነበር። ከግብፅ የመውጣቱን ታሪክ በቦርከና ዳር አስቀምጬ ነገርኳቸው። ፈርዖን ለጡብ ሠሪዎቹ ገለባ እንደከለከለ ስደርስ የአያ ተካ ልጅ ታድላ እጇን አወጣች። ከልጆቹ ሁሉ ፈጣኗ እሷ ነበረች፤ ጥያቄዋ ግን መዶሻ ነው።

«ፈርዖን ባለርስት ነበር?»

ንጉሥ ነበር አልኩ። መልሱ እንዳላረካት ፊቷ ላይ አየሁ። በዚያ ቅጽበት ባለርስቱ አያ አሊ ማረሻውን ሊያስል ይዞ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል።

«ልጅት፣ ስለ እኔ ነው የምትጠይቂው?» አለ። «እኔ እኮ ገለባ አልከለከልኩም። ወላሂ፣ እናትሽን ጠይቂያት፤ ትናንት ሸክም ሙሉ ወስዳለች።»

ልጆቹ ሳቁ፣ አያ ተካም ወናፉን ትቶ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ አሊ በሩ ላይ ሲታይ ልጆቹ «ፈርዖን መጣ» ይላሉ፤ እሱም ዱላውን ወደ መሬት ጥሎ እባብ አልሆን አለኝ ይላቸዋል።

ቄስ በሪሁን ትምህርቱን ሁሉ ከጉድጓዳቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። ልጅን በሰው ፊት አርመው አያውቁም፤ እኔንም እንደዚሁ። ስህተት ሲሰሙ መወርወሪያቸውን ያቆማሉ። ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረው ድንገት ዝም ይላል፣ እኛም እንደነግጣለን፤ ልጁ ወደ ኋላ ተመልሶ ሐረጉን ሲያስተካክል መወርወሪያው ይቀጥላል። በዕድሜዬ ብዙ አራሚ አዘጋጆች አጋጥመውኛል፤ ዝምታን እንደሳቸው አድርጎ የተጠቀመበት አላየሁም።

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄው ነው። አንድ ልጅ ጸሎት በቃሉ ሲወጣ እስከ መጨረሻው ያዳምጡና «ከማን ሰማህ?» ይላሉ። ከአባቴ። «አባትህስ?» ከአያቴ። ልጁ የሚያውቀውን ያህል ይቆጥራል፤ ሲያልቅበት «እዚህ ላይ አላውቅም» ማለት አለበት። አላውቅም ያለ ይመረቃል። ስም ፈጥሮ የጨመረ ግን ጸሎቱን ከሥሩ እንደገና ይጀምራል። የሰማኸውን ስትናገር የሰጠህን ሰው አብረህ ካልጠራህ ሰርቀሃል ይሉ ነበር።

ሁሉን ነገር ያመጣው ግን የእሳቱ ልማድ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳው።

የእኛ አባቶች ሰንበት በቤት ውስጥ እሳት አይኑር ይላሉ። ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ተካ ከሰሉን በውሃ ያጠፋል፣ ሴቶቹ ምድጃቸውን ይጠርጋሉ። ቅዳሜን በቀዝቃዛ እህል እንውላለን። ቅዳሜ ማታ ኮከብ ሲታይ እሳት እንደገና ያስፈልጋል። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ ገል ይዛ ወደ አያ አሊ ቤት ትሄዳለች። የአያ አሊ ሚስት እትዬ ዘሀራ ፍሙን በአመድ አዳፍና አቆይታ ደጃፏ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠውና ራቅ ትላለች። ከውጭ ሰው ጋር እንዳንነካካ ሕጋችን ይከለክላል፤ እሷም ያንን ታውቃለች፣ አትቀየምም። «እሳታችሁ ተኝታለች፣ ቀስቅሷት» ትላለች። ልጅቷ በገሉ ታፍሳለች፤ ከዚያ እሳት ሁሉም ቤት ይካፈላል፣ ሰኞ ማለዳ የአያ ተካ ከሰልም ከእሱ ይያያዛል። የጨፋ ማረሻ ሁሉ የሚሳለው ከእትዬ ዘሀራ ምድጃ በተጫረ እሳት ነው ማለት ነው።

ክብሪት በከሚሴ ሱቅ ሞልቷል። አንድ ቀን ይህን ለቄስ በሪሁን ብነግራቸው መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ «ክብሪት ስትታመም መጥቶ አይጠይቅህም» አሉኝ። የሽማግሌ ጨዋታ አድርጌ ወሰድኩት።

በሁለተኛው ዓመቴ የትምህርት ቤቱን ወጪ የሚሸፍነው ማኅበር ተቆጣጣሪ ሊልክ መሆኑን በሰው አስታወቀኝ። ተቆጣጣሪው ሴቶቹ ልጆች ዓርብ ማታ የሰንበት መብራት ሲያበሩ ማየት ይፈልጋል ተባለ። የሌሎች አገር አይሁድ ፀሐይ ሳትገባ መብራት ያበራሉ፤ በሰንበት አይነኩትም፣ ሲነድ ያመሻል። እኔም አስመራ የተማርኩት ይህንኑ ነበር። ለቄሱ ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ከማን ሰማህ አሉ። ከመምህሬ አልኩ። መምህርህስ? እዚህ ላይ አላውቅም አልኩ። መረቁኝና፣ እንግዲያው በአፍህ አስተምረው፣ ወገኖቻችን እንዲህ ያደርጋሉ በል፣ እጃቸው ላይ ግን አታስገባው አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ላስታ ዘመድ ሞቶባቸው ለለቅሶ ሄዱ። የእግር መንገድ ነው፤ ቶሎ አይመለሱም።

እኔም በአፌ አስተማርኩ። መብራቱ የተቀደሰ ነው፣ ቤቱን ያስከብራል፣ በዓለም ያሉ የእስራኤል ሴቶች ሁሉ ያበሩታል አልኩ። ሻማ ስላልነበረን ኩራዝም ይሆናል አልኩ። አታድርጉት ግን አላልኩም። ታድላ ሰምታ ቤቷ ሄደች። አባቷ ከቆርቆሮ የሠራውን ትልቅ ኩራዝ ጋዝ ሞላችው፣ ክሩን ዝቅ አደረገችው፤ ዓርብ ማታ አበራች። ኩራዙ ሌሊቱንም ቀኑንም ነዶ ቅዳሜ ማታ ድረስ ቆየ። እናቷ ምድጃዋን ከእሱ አያያዘች። ጎረቤት አየ። በሚቀጥለው ሰንበት የብዙዎቹ ቤት ኩራዝ ነበረው። መምህሩ ያስተማረው ነው፣ ቄሱም የሉም፤ ማን ይከልክል? እኔም ቤቶቹ በርተው ሳይ ደስ አለኝ። በእነዚያው ሳምንታት በክፍል ውስጥ የማስተምረው ስለ ባልንጀራ ፍቅር ነበር።

ማናችንም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ቅዳሜ ማታ ገል ይዞ የሚሄድ ሰው ቀረ።

እትዬ ዘሀራ የመጀመሪያው ቅዳሜ የታመመ ሰው ያለ መስሏት ኖሯል። በሁለተኛው እሳቱን አዳፍና ጠበቀች፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። በዚያ አገር እሳት የማይጫጫሩ ጎረቤቶች ከተባለ የደም ነገር አለ ማለት ነው። ባለእጆቹ እሳታችንን ተጸየፉት የሚል ወሬ ተነሳ። ወሬው እንደተነሳ የአያ አሊ ጥጃ ሞተች። ጥጃ በወባ ወራትም ያለ ወባ ወራትም ይሞታል፤ ያኔ ግን ወሬው ጥጃዋን እየጠበቃት ነበር። እሳታችንን ጠልተው በዓይናቸው ይበሉናል ተባለ። የአያ አሊ ወንድሞች ከዝናቡ በፊት ሰዎቹን ከመሬቱ አስነሳ ብለው ያዙት።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት አያ ተካ ትምህርት መሃል ገብቶ በሩ ላይ መቆሙን ነው። እጁ ባዶ ነበር፤ ባዶ እጁን ቆሞ አይቼው አላውቅም።

«መምህር፣ አሊ ማረሻውን ከሚሴ ወሰደ» አለ።

አልገባኝም። ከሚሴ ምን አለ አልኩት።

«ገበያ አለ። የሌላ ሰው መዶሻ አለ። አባቴ የአባቱን ማረሻ ስሏል፤ እኔ የእሱን ስያለሁ። ከሚሴ ወሰደ ማለት ሂዱ ማለት ነው።»

አያ አሊ ቤት ሄድኩ። በደጃፉ ተቀብሎ ስለ ዝናቡ አጫወተኝ፣ ስለ ባቲ የግመል ዋጋ አጫወተኝ። ምን አስቀየምንህ አልኩት። ምንም፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለኝ። ጥያቄዬን ደጋግሜ ያንኑ መልስ ይዤ ተመለስኩ። እትዬ ዘሀራ ከውስጥ ነበረች፤ አልወጣችም። እኔም ስለ ድንጋዩ አልጠየቅሁም፣ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ገና አልገባኝምና። በኋላ ዘመኔ ትክክለኛውን ሰው አግኝቶ የተሳሳተ ጥያቄ የሚጠይቅ ሪፖርተር ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

አያ ተካ ታድላን ከትምህርት አስቀራት። ሌሎቹም ልጆቻቸውን ያዙ። መሣሪያቸውን መጠቅለል የጀመሩ ነበሩ፤ የት እንደሚሄዱ ግን አንዱም አያውቅም።

ቄስ በሪሁን የተመለሱት በዚህ መሃል ነው። አቧራቸውን ሳያራግፉ ሁሉንም አንድ በአንድ ሰሙ። ከዚያ ታድላን አስጠሯት። ልጅቷ መጣች።

«መብራቱን ከማን ሰማሽ?»

«ከመምህር።»

ወደ እኔ ዞሩ። ከአስመራ መምህሬ ነው አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

«እሱን ነግረኸኛል። አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች መብራቱን ይዘው ሲኖሩ ጎረቤታቸው ማን ነበር?»

ይህን አልጠየቅሁም አልኩ።

«ልጄ፣ ለእነሱ ልክ ይሆናል። ምናልባት እሳት የሚሰጥ ጎረቤት አልነበራቸውም። እኛ ግን አለን። በየሳምንቱ ሄደን ታስፈልጉናላችሁ ልንላቸው ይገባናል። ያን ካላልን መሬቱ ላይ ያለነው በምንድን ነው?»

ድምፃቸውን አላነሱም፤ ኃጢአት ነውም አላሉም። ቅዳሜ ማታ ከታድላ ጋር አብረሃት ትመጣለህ አሉኝ፤ ገሉን ግን ማንም እንዲይዝላቸው አልፈለጉም።

ቄስ እሳት ሲጭር ታይቶ አይታወቅም፤ የሴት ልጅ ሥራ ነው። ነጭ ሻሽ የጠመጠሙት ሽማግሌ ገል ይዘው ሜዳውን ሲያቋርጡ ከብት የሚያስገቡ ሰዎች ቆመው አዩ። ይታዩ ዘንድ ነበር ቀስ ብለው የሄዱት። ድንጋዩ ባዶ ነበር። ቄሱ ከድንጋዩ ወዲህ ቆሙ።

«ዘሀራ፣ እሳት ልጭር መጣሁ።»

እትዬ ዘሀራ ወጣች። ሻሿን እያስተካከለች ገሉን አየች፣ ቄሱን አየች።

«አያ ቄሱ፣ እናንተ የራሳችሁ መብራት አላችሁ አሉኝ።»

«ነበረን። ጠፋ።»

«የእኔ እሳት ረከሰባችሁ?»

«የአንቺ እሳት ባይኖር ብረቱም አይሳል፣ እንጀራውም አይበስል። ልጆቹ የሩቅ ዘመዶቻቸውን ልማድ ሰምተው ሞከሩት። ያስተማራቸውም እነሆ ቆሟል። እኔም በቤቴ አልነበርኩም። አፉ በሉን፣ ይቅር በሉን።»

እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች። ለቄሱ ያላለችውን ለእኔ ነገረችኝ።

«መምህር፣ አዳፍኜ ጠበቅሁ። ሰው አልመጣም። ጠዋት አመድ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ምን አደረግሁ ብዬ ስንቱን ነገር አሰብኩ፣ ያ ረቢ።»

አላወቅሁም፣ አፉ በይኝ፣ አልኩ። በዚህ መሃል አያ አሊ ከበረቱ በኩል መጣ፤ ከወንድሞቹ አንዱም ከኋላው ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ አያ አሊ፣ አያ ቄሱ ወሬውን አልደብቃችሁም፣ ጥጃዬን በላችሁ ይሉኛል አለ።

ቄስ በሪሁን ወንድሙን ትኩር ብለው አዩት።

«አሊ፣ አንተ በቢስሚላህ ያረድከውን ሥጋ ስንት ዓመት ሰጠኸን?»

«ስንቴ። አልበላ አላችሁ እንጂ።»

«ያረድከውን የማንበላ ሰዎች፣ ያልታረደ ጥጃ እንበላለን?»

መጀመሪያ የሳቀው ወንድሙ ነበር። ሳቁን ሊይዝ ፊቱን ወደ በረቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን አጋለጠው። ከዚያ አያ አሊ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችንም። እትዬ ዘሀራ ግን አልሳቀችም። ገብታ ፍም አፍሳ ወጣች፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ራቅ አለች። ቄሱ ጎንበስ ብለው ሲያፍሱ አንዱ ፍም ተንከባለለ። ታድላ ሮጣ በእጇ ልታነሳው ስትል እትዬ ዘሀራ በኦሮምኛ ጮኸችባት፤ እጅሽን ታቃጥያለሽ ማለቷ ነው። ቁጣዋ የእናት ነበር። ያኔ ነው ነገሩ እንዳለቀ ያወቅሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት አያ አሊ ማረሻ ይዞ መጣ። የከሚሴው ሰው አበላሽቶበት እንደሆነ አማረረ። አያ ተካ ማረሻውን ገልብጦ አየና ምንም ያልተበላሸ መሆኑን እያወቀ፣ አዎ አበላሽቶታል፣ አለ።

ታድላ ወደ ትምህርት ተመለሰች። እኔም አስተማሪነቴን ከሥሩ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር «እስራኤል ሁሉ እንዲህ ያደርጋል» ብዬ አስተምሬ አላውቅም። ይህን የሚያደርጉት እነማን ናቸው፣ የት ይኖራሉ፣ እኔስ ከማን ሰማሁ፣ እነዚህን ሦስቱን ሳልናገር ሰሌዳ ላይ አልጽፍም ነበር። ትምህርቱ ዘገየ፤ ልጆቹ ግን የያዙትን አይለቁም።

ተቆጣጣሪው ዝናቡ ካቆመ በኋላ በአንድ ዓርብ መጣ። መብራቱ የት አለ አለኝ። እዚህ በአፍ እናስተምረዋለን አልኩት። ፊቱ ተለወጠ፤ ከሩቅ የመጣና የደከመው ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። የእስራኤል ሴት ልጆች በሰንበት ዋዜማ ምን ያደርጋሉ ሲል ወደ ልጆቹ ዞሮ ጠየቀ። ታድላ ተነሳች።

«በሩቅ አገር ያሉት ወገኖቻችን መብራት ያበራሉ። ይህን ከመምህሬ ሰማሁ፣ እሱም ከመምህሩ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም። እኛ እሳት እናጠፋለን። ይህን ከእናቴ ሰማሁ፣ እሷም ከእናቷ። ቅዳሜ ማታ ከእትዬ ዘሀራ እንጭራለን።»

የቄስ በሪሁን መወርወሪያ ቀጭ ቀጭ ማለቱን አላቋረጠም።

ተቆጣጣሪው ሰንበት ስለገባ መንገድ መውጣት አይችልም፤ ከእኛ ጋር ዋለ። ቅዳሜ ማታ ልጆቹን ተከትሎ እስከ ድንጋዩ ድረስ ሄደ። ቆሞ አየ። ስለ እኛ ምን እንደጻፈ አላየሁም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጎንደር አካባቢ ተዛወርኩ። ቅጣት ይሁን ሹመት አልተነገረኝም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። ቄስ በሪሁን ሲሸኙኝ ስምህን ለልጆቹ ትቼዋለሁ አሉኝ። ከማን ሰማችሁ ሲባሉ እንዲጠሩኝ ማለታቸው ነበር። ከሳቸው የተቀበልኩት ሽልማት ያ ነው።

ማኅበሩ ገንዘብ ሲያጥረው መምህራን ተበተንን። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ጋዜጣ ላይ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው አዘጋጄ ጽሑፌን በቀይ እያሰመረ ይህንን ማን ነገረህ ሲለኝ ሳቄ መጣ። ለምን እንደሳቅሁ አልጠየቀኝም።

ከዓመታት በኋላ ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ እንድጽፍ ተላክሁ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከሚሴ ላይ ሲቆም ነጂው ምሳ ሊበላ ገባ። እኔ በእግሬ ወደ ጨፋ ወረድኩ። ትራክተር የሚያርሰው ሰፊ እርሻ ተዘርግቶ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የነበረበት ቦታ ተለይቶ አይታወቅም። የአያ አሊ ቤት ግን በቆርቆሮ ተከድኖ ቆሟል። እትዬ ዘሀራ አጎንብሳለች፤ ግን አወቀችኝ።

«ኮቱ፣ ግባ» አለች። አያ አሊ እንደሞተ ነገረችኝ። መሬቱ ለትራክተር ሲከራይ ማረሻ የሚያስል ጠፋ፤ አያ ተካና ሌሎቹ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ጎንደር አቀኑ። ቄስ በሪሁን ከዚያ በፊት አርፈው ነበር። ስለ ታድላ ጠየቅኋት። አግብታ ሄደች፤ የት እንደሆነ አላውቅም አለች። አላውቅም ስትል ቄስ በሪሁን ትዝ አሉኝ።

ምራቷ እንግዳ መጣ ብላ የጋዝ ምድጃውን ልታቀጣጥል ክብሪት ይዛ ወጣች። እትዬ ዘሀራ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደል?»

«ነው።»

«በመኪና መጣህ?»

«በመኪና።»

ለምራቷ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ምራቷ ክብሪቱን ይዛ ተመለሰችና በቅል እርጎ አመጣችልኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ነጂው እየፈለገኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባቲም ሳይመሽ መግባት ነበረብን። ተቀመጥኩ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ገበያ አጫወተችኝ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገባች። እሷ ሰማዩን ስታይ ቆየች፤ ዓይኗ ግን የእኔን ያህል አያይም መሰለኝ።

«ወጣ?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ኮከቡ ወጥቷል አልኩ።

ክብሪቱን ከምራቷ ተቀበለች። እየተደገፈች ወደ ደጃፉ ወጣች፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ አልተነሳም ነበር። ክብሪቱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ራቅ ብላ ቆመች። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።